ለጋሽ በላቸው የሰጠሁት የጧት ቃል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። በሰው ላይ ስቀልድ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ሐረር ፈላና በር ያደገ ሰው ካልቀለደ ምሳው አይዋሃደውም። ሌላውን ቀልድ ሁሉ ረስቼዋለሁ። ይኼኛውን መርሳት ያልቻልኩት፣ የተቀለደባቸው ሰው እስከ ዛሬ በየቀኑ ጧት "እንደምን አደርክ" ስለሚሉኝ ነው።

ሥራዬ ሰልባጅ መሸጥ ነው። ኮት፣ ጃኬት፣ ካፖርት። ፈረንጅ ለብሶ የጠገበውን አራግፌ፣ ተኩሼ እሰቅለዋለሁ። አዲስ ነው ብዬ አላውቅም። ገዢው ራሱን በራሱ እስኪያታልል ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አልገባሁም።

ከምሳ በኋላ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል በርጫ አለን። ስድስት ሰባት ነጋዴዎች ተሰብስበን ጫታችንን እየቃምን እስከ አመሻሹ እናወራለን። በእኛ ዘንድ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ፤ በርጫ ላይ የተባለ ነገር አይያዝም። ሰው ምርቃና ውስጥ ሲገባ ፎቅ ይሠራል፣ ልጁን ለልጅህ ይድራል፣ መኪናውን በነፃ ይሰጥሃል። ሲመሻሽ ገራባው፣ ማለትም የጫቱ ትራፊ፣ ሲጠረግ ያ ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። የምሩን የተናገረ ሰው በማግስቱ ጧት፣ ምንም ሳይቅም፣ ነገሩን ይደግመዋል። ያን ጊዜ ቃል ይሆናል። በዚህ ሕግ ቤት ተሸጧል፣ ጋብቻ ተፈጽሟል። ጧት የተናገረውን የካደ ሰው፣ ከራሴ ሌላ፣ አላውቅም።

ጋሽ በላቸው ጫት አይቅሙም ነበር። ወደ በርጫችን የሚመጡት ለወሬው ነው። በር አጠገብ ይቀመጣሉ፣ አንድ ሻይ ይዘው ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። በጉልምስናቸው ድሬዳዋ ላይ የባቡር ነጂ ነበሩ። ሊቶሪና የምንላትን፣ ራሷ ሞተር ራሷ ፉርጎ የሆነችውን ባቡር ነው የነዱት። ሐዲዱ ሥራ ሲያቆም ሚስታቸው የሐረር ልጅ ስለነበሩ ወደዚህ መጡ። ሚስታቸው ሞቱ። ልጅ የላቸውም። ሐኪም ጋራ በሚገኘው በሐጂ ኡመር የሲሚንቶና የቆርቆሮ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ሐጂ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጧቸው። አልጋቸው፣ ምድጃቸውና የነጂነት ኮፍያቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር። ሌላ የሚገቡበት ቤት አልነበራቸውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ጫማ ነጋዴው ሙክታር ልጆቹን ይዞ ድሬ ሄዶ እንደነበር አወራን። አንዲት አሮጌ ሊቶሪና ጠግነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ጎብኚ እየጫኑ በተራሮቹ ሥር እስከ አንድ ድልድይ ወስደው ይመልሳሉ አለ። መንገዱ ያምራል፣ ዝንጀሮ ይታያል፣ ነጂው ግን ገና ጺም ያላበቀለ ነው አለ። ጋሽ በላቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። ከድልድዩ በፊት ያለው ኩርባ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሙክታር ኩርባ መኖር አለመኖሩን አላየም፤ ዝንጀሮ ነበር የሚያየው።

እኔ ምርቃና ላይ ነበርኩ። አፌ ቀደመኝ። እዚያ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ አልኩ። ኩርባውን የሚያውቅ የድሮ ነጂ እየፈለጉ ነው፣ ከሐረር ሰው አለህ ወይ ብሎኝ ስምዎን ሰጥቼዋለሁ አልኩ። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው፣ አዲስ ኮፍያም አለው አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በላቸውም ሳቁ። "ይኼ የበርጫ ነው" አሉና ሻያቸውን አነሱ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ገራባው አብሮ ይጠርገው ነበር። ጥፋትም አልነበረበትም።

በማግስቱ ጧት ሱቄን ከፍቼ ገበያ እጠብቃለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል። ሁለት ሰው ገብቶ ኮቶቼን ዳብሶ ወጥቷል። ጋሽ በላቸው ጺማቸውን ተላጭተው መጡ። ከሰቀልኳቸው ካፖርቶች ሥር ቆሙና አንገታቸውን አቃንተው አዩኝ።

"ታደሰ፣ ትናንት ያልከው የበርጫ ነው ወይስ የጧት?"

የአንዱን ካፖርት ትከሻ አራገፍኩ። ያልገባኝ መስሏቸው አስረዱኝ።

"ሐጂ ክፍሏን የሚፈልጉለት የእህት ልጅ አላቸው። ዛሬ ወጥቼ ነገ ልመለስ ብል ቦታ የለኝም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ፣ ልጄ።"

ከዚህ በላይ ምን ይነገረኛል? ሰውዬውን አልጠላቸውም ነበር። አስቀይመውኝም አያውቁም። ሰው ለምን ይከፋል ብትሉኝ፣ ገበያ ስለቀዘቀዘ ነው፤ የምለው ይኼን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ለጓደኞቼ የማወራው ነገር አማረኝ።

"የጧት ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

መሐላ አልጠየቁኝም። ጧት ነዋ። ውሸት ደግሞ ዝርዝር ይወዳል፤ እሑድ ነው የሚፈልጉዎት አልኩ፣ እኛም ለማየት አብረን እንመጣለን አልኩ፣ የድሮ ልብስዎን ይልበሱ አልኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። እጃቸው ሲሚንቶ አድርቆት ሻካራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አወራሁት። እንዳሰብኩት ሳቅ አገኘሁበት። ሙክታር ብቻ አልሳቀም።

"ጧት? ጧት አልካቸው? አስተግፊሩላህ" አለ። "አቦ፣ ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው።"

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ልነግራቸውም አስቤ ነበር። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ነገር ግን እነዚያ ሌሎቹ ሚኒባስ ተነጋግረዋል፤ ለሊቶሪናው ጉዞ በእኔ ስልክ፣ በእኔ ስም፣ ለስምንት ሰው ቦታ ተይዟል። አንዱ እሑድ የነበረበትን ለቅሶ ወደ ሰኞ አዛውሯል። የተገዛ ሳቅ መመለስ የሸጡትን ኮት ከመመለስ ይብሳል። ቅዳሜ ገበያ ደራ፣ ሳልሄድ ቀረሁ። ሙክታርም "ነገርካቸው?" ሲለኝ መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩት። እሱም ከእኛ ጋር ተሳፈረ፤ ስለዚህ በእኔ ላይ ብዙም አይፍረድ።

እሑድ ጧት ጋሽ በላቸው ከሁላችንም ቀድመው ደርሰው ቆመው አገኘናቸው። ካኪ ኮታቸው ተተኩሷል። የኮታቸው ቁልፎች አብረቅርቀዋል። ኮፍያቸውን ገና አላደረጉትም፤ በክንዳቸው አቅፈውታል። በሌላው እጃቸው የታሰረ ሻንጣ ይዘዋል። ምሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋቢናውን ለቀቅንላቸው። አወዳይንና ሐረማያን አልፈን ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ለሹፌሩ ፍሬን እንዴት እየቆጠቡ እንደሚይዙ ያስረዱት ጀመር። ከኋላ አንዱ፣ እንደ ባቡር አለቃ እየጠራቸው፣ "ሸፍ፣ ባቡሩም እንዲህ ይጠማዘዛል?" እያለ ያስወራቸዋል። እሳቸው በቁም ነገር ይመልሳሉ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በፎጣ ያፍናሉ። ያን ጊዜ እኔም ፎጣ ነበረኝ።

ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። በአሮጌው ጣቢያ ጎብኚዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሊቶሪናዋ ቆማለች፤ ቀይና ክሬም ተቀብታ እንደ ሙሽራ ተኳኩላለች። ጋሽ በላቸው ኮፍያቸውን አደረጉ። ወደ ባቡሯ ሄዱና ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት፤ በሬ ገዢ እንደሚያደርገው። ከዚያ ስም ወደምትመዘግበው ልጅ ሄዱ። እኛ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተን ተሰለፍን።

ከሐረር የመጣሁት ነጂ ነኝ አሏት። ልጅቷ በትሕትና መዝገቧን አገላበጠች። በስማቸው ምንም የለም። በታደሰ ስም ስምንት ጎብኚ አለ፣ ከእነሱ ጋር ነዎት ወይ አለቻቸው። አይደለሁም፣ ለሥራ ነው የተጠራሁት አሉ። ልጅቷ አንድ ሌላ ሰው ጠርታ ጠየቀች። እሱም ነጂ የጠራ የለም አለ፣ ሲያዝንላቸው ይታያል። ጋሽ በላቸው ዞረው እኔን ፈለጉኝ።

አሁንም ማምለጫ ነበረኝ። "ስህተት ተፈጥሯል፣ ሰውዬው አታሎኛል" ብል ውሸት ቢሆንም ክብራቸውን ያድን ነበር። ስድስት ሰዎች ግን አፌን እያዩ ነው። ለዚህች ደቂቃ ነው ነዳጅ የከፈሉት።

"ጋሼ፣ የበርጫ ነበር እኮ" አልኩ።

ከኋላዬ የታፈነው ሳቅ ተለቀቀ።

"ጧት ነው ያልከኝ" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ክስም አልነበረበትም፤ የረሳሁትን ነገር የሚያስታውሱኝ ነበር የሚመስሉት።

"ጧትም ይቀለዳል፣ ጋሼ።"

ይህን እንዳልኩ የሳቁ ግማሽ ተቋረጠ። ሙክታር አንገቱን ደፋ። የሐረር ሰው ብዙ ነገር ይስቅበታል፤ በዚህ ግን አይስቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ በእሳቸው ፊት ሳይሆን በጓደኞቼ ፊት ነው። አሳፋሪው ነገር ይኼም ነው።

ጉዞው ተከፍሎበታል፣ እንሂድ ተባለ። ጋሽ በላቸውም ተሳፈሩ፤ ብቻቸውን የት ይቆማሉ? ከመነሳታችን በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ከባቡሯ ጋር ፎቶ አብረውን ይነሱ ብለው ጠየቋቸው። ለጎብኚ የተቀጠሩ ሰው መስለዋቸው ነበር። ቀጥ ብለው ቆሙላቸው። ሴትዮዋ ኮፍያውን ትንሽ ቀና ያድርጉት አለቻቸው፤ ቀና አደረጉት።

መንገዱ በእውነት ያምራል። በግራ ተራራው ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ በቀኝ ደረቁ ወንዝ ይታያል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጋሽ በላቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ፊት ወደ ሐዲዱ ብቻ ያያሉ። ድልድዩ ሲቃረብ ድንገት ተነሱ። የወንበሮቹን መደገፊያ እየያዙ ወደ ነጂው ሄዱና እዚህ ጋ ቀንስ፣ ኩርባው ይጎትታል አሉት። ልጁ ሳይዞር "አባባ ይቀመጡ፣ እንዳይወድቁ" አላቸው። ቀንስ አሉት ደግመው። ልጁ አልቀነሰም። ሊቶሪናዋ ኩርባውን አልፋ ድልድዩን ተሻገረች። ምንም አልሆነም። ጽዋ ሙሉ ሻይ ብትይዝ አይፈስም ነበር።

እግዜር ያውቃል፣ የሆነ ነገር በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። ብንንገጫገጭ፣ አንድ ሻንጣ ቢወድቅ፣ "ሽማግሌው ልክ ነበሩ" ለማለት ይበቃን ነበር። ምንም ስላልሆነ ተመልሰው ሄደው ተቀመጡ። ኮፍያቸውንም አወለቁት።

በዚያው ሚኒባስ ተመለስን። ሐረር ገብተን ሹፌሩ ጋሽ በላቸውን ለማድረስ ወደ ሐኪም ጋራ ሊታጠፍ ሲል "ወደዚያ አትሂድ" አሉት። ታዲያ የት ላድርስዎ ሲላቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ጠሩ። እዚያ የሚያሳድራቸው የሚያውቁት ቄስ አለ። ያን ጊዜ ሻንጣው ምሳ አለመሆኑ ገባን። የክፍሏን ቁልፍ ቅዳሜ ለሐጂ አስረክበው፣ ምድጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ነው የወጡት። ከኋላ አንዱ ከልማድ ብዛት ሳቀና ሳቁን ሳይጨርስ አስቆምኩት። ጀግንነቴ ይህችው ናት።

ሰኞ ጧት ሐጂ ኡመር ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስባሐቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ግቢው ውስጥ የጋሽ በላቸው በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ደጃፉን ትጠርጋለች። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬ፣ ሰውዬውን እንዲመልሷቸው ለመንኳቸው።

"ወላሂ እኔ ለጋሽ በላቸው ክፍል የምነፍግ ሰው አይደለሁም" አሉ። "ቅዳሜ ቁልፉን ሲያመጡ ማነው ያለዎት አልኳቸው። አንተን ጠሩ። ያ ልጅ ይቀልዳል እኮ፣ ይጠንቀቁ አልኳቸው። ጧት ነው ያለኝ አሉኝ። ከዚህ በኋላ ምን ልበላቸው?"

የእህታቸው ልጅ ለጥቂት ጊዜ ወጣ እንዲል ጠየቅኋቸው።

"ሶፊ ገጠር የነበረውን ማሳ ለወንድሙ ትቶ፣ ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ና ያልኩት ጧት ነው።" ሙስባሐቸውን መቁጠር ጀምረው አቆሙ። "አንተ ጧት የምትቀልድ ከሆነ እኛ ነጋዴዎች መቼ እንነጋገር?"

 ለገዢ ሁሉ መልስ የማያጣ አፌን ይዤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ቤት ልከራይላቸው ፈለግሁ። ጋሽ በላቸው አልፈለጉም፤ ዘበኛ ነኝ፣ የሚጠበቅ ነገር ስጠኝ አሉ። ያለኝ የሚጠበቅ ነገር ሱቄ ነው፣ ያለኝ ክፍል የበርጫችን ክፍል ነች። አሁን እዚያ ይኖራሉ። ጧት አልጋቸውን አጥፈው ከጥግ ያቆሙታል። ከምሳ በኋላ እኛ ስንገባ እሳቸው ወጥተው ከሱቁ ፊት ይቀመጣሉ። ወሬያችንን አይሰሙም፣ ሻይም አይጠጡም። አመሻሽ ላይ ስንነሳ ገብተው ገራባውን ይጠርጋሉ። ጥረጉ ብዬ አላዘዝኳቸውም። አይጥረጉ ብዬም አላውቅም።

ሰው ሁሉ ልቤ የራራ መስሎታል። ሽማግሌ አስጠጋ ይሉኛል፣ ሴቶች ይመርቁኛል። እውነቱን የሚያውቁት ሚኒባስ ውስጥ የነበሩት ሰዎችና ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከእኔ ጋር አሁንም ሰላም ይባባላሉ፤ ንግድ ግን በሦስተኛ ሰው ፊት ካልሆነ አይነጋገሩም።

ይቅርታ አልጠየቅህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠይቄአለሁ። ጥምቀት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሞቅ ብሎ ሳለ ሆዴ ባባ። ወጣሁና ከሱቁ ፊት ከተቀመጡበት ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ቤትዎን አፈረስኩ፣ ይማሩኝ፣ ልጅዎ ነኝ፣ እስኪሞቱ እጦርዎታለሁ አልኩ። አለቀስኩም። ጓደኞቼ በበሩ ብቅ ብለው አዩ። ጋሽ በላቸው ትከሻዬን ይዘው "ተነስ፣ ልብስህ ይቆሽሻል" አሉኝ። 

በማግስቱ ጧት አንድ ገዢ ካፖርት ለክቶ በዋጋ እየተከራከረኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ጺማቸውን ተላጭተው ገቡና ካፖርቶቹ ሥር ቆሙ። ገዢው ፊት ምንም አልጠየቁኝም። ቆመው ጠበቁኝ። ለምን እንደመጡ ያወቅሁት ፊታቸውን እንዳየሁ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ የጧት ነው። ገዢው ካፖርቱን ሊያወልቅ እጁን ከአንዱ እጅጌ አውጥቷል፤ ከእጄ ሊያመልጥ ነው።

"ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ" አልኳቸው።

እሺ ብለው ወጡ። ካፖርቱን ሸጥኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። በየቀኑ ጧት በሩን ስከፍት እንደምን አደርክ ይሉኛል፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። አፌ ላይ የደረሰውን ነገር ሳልለው ገዢ ይገባል። ገዢ ባልገባ ቀን ደግሞ ኮቶቹን እንደገና እደረድራለሁ።